ብረት ፀሐይ ላይ ይዋሻል
ቃሊቲ መንገድ ዳር፣ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚሠራ ሰውዬ አለ። ሸሚዙ በእሳት ፍንጣሪ ወንፊት ሆኗል፤ ሪዙ ግን ሁልጊዜ የተከረከመ ነው። ደንበኛው ሴት ከሆነች ዣንጥላ ያስይዛታል።

«ብረት ፀሐይ ላይ ይዋሻል፤ የግለቱን ቀለም በጥላ ነው የማየው» ይላል።

ዛሬ ዣንጥላውን የያዘችለት ከገላን ኮንዶሚኒየም የመጣች ሴት ናት። የጋለውን ቢላዋ ዘይት ውስጥ ነከረና መልሶ ፍሙ ዳር አስጠጋው።

«ደግሞ ምን ጎደለው?» አለችው።

«ድርቅ ብሏል፤ እንዲሁ ከተውሽው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ትንሽ ሞቅ ብሎ የጠጅ ቀለም ሲይዝ ይወጣል።»

«እርስዎም ደርቀዋል፤ ማን ያሙቅዎት?»

ሰውዬው ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ቢላዋው የጠጅ ቀለሙን አልፎ ሰማያዊ ሆነ።

«ውይ፣ ከልክ በላይ ለሰለሰ! ነገ ብቅ በይ።»

የሴትዮዋ ቢላዋ በዚህ ሳምንት ሲበላሽ ሦስተኛ ጊዜው ነው። እሷም ደግሞ ዛሬ የራሷን ዣንጥላ ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው።