የካፒቴኑ እርሳስ

ጋሽ ሠረቀብርሃን ብርዳማዋ መዘዞ ከተማ ተወልደው እስኪጎረምሱ ድረስ ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ አያውቁም ነበር። ባሕር ኃይል የገቡት ብርድ ሰልችቷቸው ነው። ምጽዋ ላይ መኮንን ሆኑ፤ ደግሞ ብርዱ ናፈቃቸው! ባሕር ኃይሉ ሲበተን ደብረ ብርሃን መጥተው ብርድ ልብስ ነገዱ፤ ለበረደው ሁሉ በነጻ እየሰጡ ማን አትርፎ ያውቃል? በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ክፍሉን አስረከባቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ በኮንትራት እዚያው ናቸው። ሰው ሁሉ «ካፒቴኑ» ይላቸዋል።

ክፍሉ አንድ ሕግ አለው። ካርታ የተዋሰ ሰው ሲመልስ፣ በዓይኑ ያየውንና ካርታው የማያውቀውን አንድ ነገር በእርሳስ ጽፎ ይፈርማል። መርከብ ላይ የለመዱት ነው፤ ባሕር ውስጥ አለት ያገኘ መርከበኛ ካርታው ላይ ካላሰፈረ ተከታዩ መርከብ ጉድ ይሆናል። እዚህ አለቱ ባይኖርም የነጠፈ ምንጭ፣ የተናደ መንገድና ተናካሽ ውሻ ሞልቷል።

ባየው የሚባለው አዲሱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሰኞ ዕለት ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ጋሼ፣ የመንግሥት ንብረት ላይ እንዴት ይሞነጫጨራል? እስከ ዓርብ አንድም ሳይቀር ይጥፋ። አለዚያ ኮንትራትዎን አላድስም።»

ምን ያድርጉ! ላጲስ ገዙ። የመጀመሪያው ጽሑፍ የቄስ ገብረ ሕይወት ሆነ፤ «ይህ ምንጭ በበጋም አይነጥፍም» ይላል። ቄሱ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ካፒቴኑ ላጲሱን መልሰው አስቀመጡት።

ሐሙስ ጠዋት ባየው ለሥራ ሊወጣ የአንኮበርን ካርታ ወሰደ።

«የእርሳሱንም ያንብቡ» አሉት።

«የታተመው ይበቃኛል» ብሎ ሄደ።

ዓርብ ረፋድ ላይ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ከወንበራቸው ተነሥተው የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አንዱንም አላጠፋሁም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይረከቡኝ።»

ባየው ካርታውን ዘርግቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። እዚያ በእርሳስ «ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፤ በላይኛው መንገድ ዙሩ» ተብሎ ተጽፏል።

«መኪናዋን ከወንዙ ጭቃ ጎትቶ ያወጣት አራት በሬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርሳስ ይኖርዎታል?»

ሰጡት። አጎንብሶ ከጽሑፉ ሥር «እውነት ነው። ባየው» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ ቁልፉን ወደ ካፒቴኑ ገፋ አደረገላቸው።