መስኮት ያለው ዳንቴል

አባቴ ኮምፒውተር ተገጣጥሞ ያለቀው ይገዛ ባይ ነበር። እኔ ደግሞ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ለቃቅሜ አምቦ፣ ቤታችን ውስጥ ካልገጠምኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። አሸነፍኩ። ገጥሜ ስጨርስ እናቴ ለቴሌቪዥኑ እንዳደረገችው ሁሉ በኪሮሽ ወፍራም ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይል ጀመር። አባቴ «ብዬህ ነበር!» ሲለኝ በንዴት እየፈታሁ መልሼ ገጠምኩት። ለካስ ዳንቴሉ ማራገቢያውን አፍኖት ኖሯል።

ለእናቴ ስነግራት ዳንቴሉን ይዛ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ማራገቢያው ጋ ክብ መስኮት ከፍታለት፣ ዙሪያውን በአበባ ዘምዝማ መልሳ አለበሰችው። ኮምፒውተሩ እስኪመሽ ሠራ።

እንግዳ ሲመጣ አባቴ «ልጄ ራሱ የገጠመው ነው» ይላል። እናቴም ከጓዳ፣ «መተንፈሻውን ግን እኔ ነኝ የሠራሁለት!»