ትእዛዝ በጩኸት በነበረ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን አዳማ ምሳ ልንበላ ገብተን ነበር። አስተናጋጇ ትእዛዛችንን ስልክ በምታክል የእጅ ኮምፒዩተር ነካ ነካ አድርጋ ተቀበለችን። ወጥ ቤት ድረስ መሄድ የለ፣ መጣራት የለ፤ ያዘዝነው እሷ ከአጠገባችን ሳትነሣ ምድጃው ዘንድ ደረሰ። አብሮኝ የነበረው ዘመዴ፣ «ሰውና ሰው መነጋገር ቀረ እኮ!» ብሎ አማረረ። እኔ ግን አላማረርኩም። የድሮውን ጩኸት የሚያወድስ ሰው፣ ጮሆ እንጀራውን የበላ አይደለም።

በደርግ ጊዜ፣ ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ከዝዋይ የመጣው፣ ወደ ሐረር የሚሄደው፣ ሁሉም አቧራውን አራግፎ የሚገባው እኛ ዘንድ ነው። ትእዛዝ የምናስተላልፈው በጉሮሯችን ነበር። በወጥ ቤቱ መስኮት፣ «አንድ ሽሮ ያለ ቅቤ! ሁለት ጥብስ!» ብለን እንለቀዋለን። የኔ ድምፅ ጋሪ ያስቆማል ይባል ነበር፤ እኔም ኮራ እል ነበር፣ ምን ይደረግ፣ ልጅነት ነው።

ወጥ ሠሪያችን ከአርሲ ነገሌ የመጡ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። እጃቸው ይጣፍጣል፤ ጠባያቸው ግን ከበርበሬው ይብሳል። ከመስኮቱ ጎን ሆነን ከጮኽን፣ «ኢንተሎ!» ይላሉ፣ ልጅት ማለታቸው ነው፤ «ፊትሽን ወደኔ አዙሪ! ከግድግዳ ጋር ነው የምታወሪው?» ክብር የፈለጉ ይመስለን ነበር።

አንድ ታኅሣሥ፣ የቁልቢ ተጓዦች በሚያልፉበት ሰሞን፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጾመ ነቢያት ነው፤ የሚጾመውም የማይጾመውም በአንድ አዳራሽ ይበላል። አስተናጋጁ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደራርቦ ይጮኻል። አንዲት እናት ለገብርኤል የተሳሉትን ጥላ ጭናቸው ላይ አድርገው ሽሮ ያለ ቅቤ አዘዙኝ። ከሰው ኋላ ሆኜ ጮኽኩ። ሽሮው መጣ፣ አቀረብኩላቸው። አንድ ጊዜ እንደጎረሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ቅቤ ነበረበት። «ደጁ ልደርስ ስል ጾሜን አስገደፋችሁኝ!» ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ አንጀቴን በሉት።

ያ ጊዜ በጾመኛ መሳለቅ እንደ ሥልጣኔ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬም ነገሩ በድፍረት የተደረገ መሰላቸው። «ሆን ብለው ነው! ሌላ ወጥ ሠሪ አመጣለሁ» አሉ።

ጋሼን ምን ነካዎት ልላቸው ወጥ ቤት ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽንኩርት ይከትፋሉ። «ጋሼ!» አልኩ። ዞር አላሉም። ጠጋ ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጠራኋቸው። ቢላዋው አልቆመም። ትከሻቸውን ስነካቸው ክው ብለው ደነገጡ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ፊታችሁን አዙሩ የሚሉን ከንፈራችንን ለማየት ኖሯል!

«ቆይቶብኛል» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ለእትዬ እንዳትነግሪብኝ። የማይሰማ ሰው ማን ያሠራል? ከዚህ ምድጃ ሌላ መግቢያ የለኝም።»

ዝም ብል፣ በክፉ ሰው ስም ተባረው ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ተናገርኩ። እትዬም፣ «ያሳዝኑኛል፤ ግን እሳቸውን ይዤ የስንቱን ጾም ላስገድፍ?» አሉ። ጋሼ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋልና ትእዛዙን ጽፈን ብንሰጣቸውስ አልኩ። ሌሎቹ አስተናጋጆች ሥራ ያጓትታል ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ግን ለአንድ ምሳ ብቻ ፈቀዱ። «አንድ ሰሃን ከተሳሳተ አበቃ» አሉ።

በማግስቱ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ቆራርጠን በየኪሳችን ያዝን። አውቶቡሶቹ ገቡ። የመጀመሪያዋን ወረቀት በመስኮቱ አቀበልኳቸው። ጋሼ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዟትና፣ በመሠረተ ትምህርት ክፍል እንደለመዱት፣ ድምፃቸው የት እንደሚደርስ ሳይታወቃቸው፣ «ሁ-ለት ሽ-ሮ ያ-ለ ቅ-ቤ!» ብለው አነበቧት። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ከጾመኞች መሀል ተቀምጦ በጆሮዬ ያዘዘኝ አንድ ሰውዬ፣ «አ-ንድ ጥ-ብስ!» ተብሎ ሲታወጅበት አንገቱን ደፋ።

ምሳው ሊያልቅ ሲል አንድም ሰሃን አልተሳሳተም ነበር። እትዬ ግን ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ መስኮቱ መጡ። «ኧረ ቀስ ይበሉ በያቸው፤ እንግዳውን አስበረገጉት» አሉኝ።

«በምን ልንገራቸው እትዬ? አይሰሙም።»

 እትዬ እርሳሴን ተቀብለው ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና በገዛ እጃቸው በመስኮቱ አሳለፉላቸው። ጋሼም ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው፣ ከሁሉም በበለጠ ድምፅ አነበቧት፤ «ከ-ነገ ጀ-ምሮ ቀ-ስ ብ-ለው ያ-ን-ብ-ቡ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቷን ደግመው አዩና ቀና ብለው፣ «ከነገ?» አሉ፣ ዓይናቸውን እትዬ ከንፈር ላይ ተክለው።

«አዎ፣ ከነገ» አሏቸው እትዬ፣ ፊታቸውን በደንብ ወደሳቸው አዙረው።