በእኔ ስም የተጻፈው

የያዙኝ ወረታ ላይ ነው፤ ከሩዝ መፈልፈያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ስልኬን ከፍቼ የምርጫችንን ድምፅ ውጤት እያየሁ ሳለ አንዱ ከኋላ ክንዴን ጠመዘዘኝ፤ ሌላው ስልኬን ነጠቀ፤ ሦስተኛው አፍንጫዬን በቡጢ አለኝ። መፈልፈያው ስለሚያጓራ የራሴን ጩኸት እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። እብቁ ከደሜ ጋር ተለውሶ አፌ ውስጥ ገባ። ስልኬን የነጠቀው ሰውዬ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ይነካካል፤ እንዳይዘጋበት ነው። ያኔ ገባኝ። እኔን ብቻ ቢፈልጉ ኖሮ ቤቴን ያውቁት ነበር፤ የፈለጉት የተከፈተውን ስልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የአካባቢው መምህራን ተወካዮቻችንን ራሳችን እንምረጥ አልን። መሰብሰብ ተከለከልን፤ ተሹመው የመጡላችሁን ተቀበሉ ተባልን። ታዲያ አብራን የምታስተምር የሒሳብ መምህርት ፌስቡክ ላይ ዝግ ቡድን ከፈተችና እዚያ መረጥን። ብልጦች ነን መቼም፤ ሁላችንም በሐሰት ስም ገባን። እሷ «የርብ ማዶ» ሆነች። የባዮሎጂ አስተማሪው ባልንጀራዬ «ፎገራ ወይፈን» ተባለ። ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ከነስሙ ለቡድኑ አባል ሁሉ ይታያል። የውሸት ስም ነው፣ ምን ቸገረን! አልን። ሞኝን እባብ ሁለቴ ይነድፈዋል፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ ይባላል። እኛም ተነድፈን ነበር የምናሳየው።

የወረወሩኝ ክፍል ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ የሚያፍን፣ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር የተቀመጠ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። በመሬት ክርክር የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አርገህ ነው ልጄ?»

«ድምፅ ሰጥቼ ነው፣ አባቴ።»

«ኧረ ተወኝ!» አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ወዲያው ተጠራሁ። መርማሪው ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ስልኬ ከፊቱ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። እግሬን ከወንበር ጋር አስረው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉኝ ጀመር።

«የርብ ማዶ ማነው?»

«አላውቀውም።»

ገመዱ ወረደ።

«ፎገራ ወይፈንስ?»

«እግዜር ይወቀው።»

ገመዱ ደጋግሞ ወረደ። ቆዳዬ ተሰነጠቀ፤ ደሙ በተረከዜ በኩል ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ስጮህ የራሴን ካልሲ አፌ ውስጥ ጠቀጠቁት። ራሴን ስስት በባልዲ ውኃ ቸልሰው ቀሰቀሱኝ። ጃኬት ለባሹ ይሄኔ መንገዱን ለወጠ።

«እንግዲያው አንተው ጥራልኝ። ቡድኑን ለከፈተው ለዚህ ለየርብ ማዶ፣ ‹ተፈትቻለሁ፤ ነገ ጠዋት የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ እንገናኝ› ብለህ ጻፍ። በራስህ አነጋገር። ያለዚያ ይሄን እግር ትረሳዋለህ።»

የሒሳብ መምህሯ በዚያው ሰሞን አባቷን ቀብራ አንበሳሜ ልቅሶ ላይ ነበረች። እኔ ገና ለልቅሶ አልደረስኳትም። በእኛ አገር አባቱን የቀበረን ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሳይሉ ሌላ ወሬ አይጀመርም። የጀመረ ወይ አብዷል፣ ወይ ሰው አይደለም። ጃኬት ለባሹ ግን የርብ ማዶ ሴት ትሁን ወንድ፣ ሐዘንተኛ ትሁን ሙሽራ በምን ያውቃል?

ስልኩን ተቀብዬ ጻፍኩ። «ሰላም ነው? ዛሬ እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ!» ማለት አማረኝ፤ «ሽ»ን ፈርቼ ተውኩት። «ደስታ በደስታ ሆነናል፤ ተፈትቻለሁ» ብዬ የቀረውን እንዳለኝ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ የሚስቅ ፊት ጨመርኩበት። ጃኬት ለባሹ አነበበና «ጎበዝ!» አለኝ።

አልመጣችም። መልእክቱን አየች፤ ስሟም ከገጹ ጠፋ። ጃኬት ለባሹ ጽሑፌን ደጋግሞ አነበበው፤ ምንም ጥፋት አላገኘበትም። «በምን ነገርከው?» እያለ በሽጉጡ ሰደፍ አገጬን ሲመታኝ ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። እየተደበደብኩ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

እሱ ግን አነጋገሬን ከእኔ መማሩን አልጠረጠርኩም። ከዚያ በኋላ ራሱ ጻፈ፤ በእኔ ስልክ፣ በእኔ የሐሰት ስም። ለፎገራ ወይፈን። ጽፎ ሲያበቃ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቶ አሳየኝ። «ፈትተው ጥለውኛል። እግሬ አልቋል፤ መራመድ አልችልም። መገንጠያው ላይ ነኝ፤ ና ውሰደኝ።»

«ኧረ በእናትህ!» አልኩት። ለመንኩት፤ መሬት ላይ ተንከባልዬ ጫማውን ያዝኩ። በዚያው ጫማ ጎኔን ረገጠኝ።

በማግስቱ የባዮሎጂ አስተማሪውን እየጎተቱ አመጡት። ባጃጅ ተኮናትሮ፣ ላበጠ እግሬ የሚሆን ሰፋ ያለ ሸበጥ ገዝቶ መገንጠያው ላይ ሲፈልገኝ ነው የያዙት። ግራ ጆሮው ደም ይተፋል። እኔ ፊት አቆሙትና ጃኬት ለባሹ ገመዱን አነሣ።

«ማን ለማን እንደመረጠ በእውነተኛ ስሙ ትነግረኛለህ። ማነህ አንተ?»

ባልንጀራዬ በተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ፎገራ ወይፈን እኔ ነኝ። ድምፄንም ሰጥቻለሁ፤ ለማን እንደሰጠሁ ያው እያየኸው ነው፣ አላፍርበትም። የሌላው ድምፅ የሌላው ነው።»

እስኪደክማቸው ገረፉት። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ክፍላችን ሲጥሉት ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ደሙን ይጠርጉለት ጀመር። እኔ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

«እኔ አልጻፍኩትም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ልጅቷ ከአንበሳሜ ደውላ ነግራኛለች፤ ‹ስልኩ እሱ እጅ ላይ አይደለም፣ ቢጠራህ እንዳትሄድ› ብላ።»

«ታዲያ አንተ ጅል፣ ምን ልታረግ መጣህ?»

«እውነት አንተ ብትሆንስ? መገንጠያው ላይ ወድቀህ፣ መኪና ሲያልፍ እያየህ ብትጠብቀኝስ?» አለኝ። «እያወቅሁ ነው የመጣሁ።»

አለቀስኩ። ገመዱ ያላስለቀሰኝን ያህል አለቀስኩ።

ከተፈታን በኋላ ወንዛዬ ወርደን ፍል ውኃው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እግሬ ትንሽ ተሻለው፤ የእሱ ጆሮ ግን እንደተዘጋ ቀረ። አሁን ወጣት መምህራን ምርጫ በስልክ ቢሆን እንዴት ይቀል ነበር ይሉኛል። ይቀላል እላቸዋለሁ። እኔ ግን ወረቀቴን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ልክተት፣ ቀኑን ሙሉም ቢሆን ልሰለፍ። ያ ባልንጀራዬ በስሜ የተጻፈ ካየ ዛሬም ሳያጣራ ይመጣል፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለእሱ አንድም ቃል ጽፌ አላውቅም። ስፈልገው እያነከስኩ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።