ከታች የተተረተረች ጆንያ

ዛሬ የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ሙሉነሽ ጠርተውኝ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ገጠመኝ እንዴት እንደሚጻፍ እንዳሳያቸው ነገሩኝ። እኔ! ከክፍሌ ልጆች ግማሹ እስካለፈው ወር ድረስ ድምፄን የማያውቀው እኔ። ቤቴ ድረስ እየሮጥሁ መጣሁ ብል ይሻላል። ይህ ዕድል የመጣልኝ ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በተነበበ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ስለ አንዲት ጆንያ ነበር፤ እሷን ባልጽፋት ኖሮ ይሄኔ ትምህርቴን ትቼ አገሬ ገብቼ ነበር።

ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው፤ ከፈረስ ቤት ከተማ ከመኪና ወርዶ በእግር የሚኬድበት ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ፍኖተ ሰላም የመጣሁት የአክስቴ ልጅ ደብሬ እዚህ ቤት ተከራይታ ትማር ስለነበር ነው። አባቴ፣ ሁለት ሆናችሁ ብትኖሩ ይሻላል ብሎ ላከኝ። አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን፣ ወጥ ተራ እየገባን እየሠራን እስከ ጥምቀት ደህና ቆየን። ከጥምቀት በኋላ ደብሬ ቡሬ ፋብሪካ ሥራ አገኘችና ሄደች። ስትሄድ "እንግዲህ ፍራሹ ሰፋልሽ" አለችኝና ሳቅን። እውነትም ሰፋ። እኔ ግን የግድግዳውን ጥግ፣ የድሮ ቦታዬን ብቻ ይዤ ነበር የምተኛው።

እኛ ቤት ሰው ብቻውን አይበላም። እዚህ በሩን ከፍቼ ስገባ "መጣሽ?" የሚለኝ የለም። ቅዳሜና እሑድ ከማንም ጋር ሳላወራ እውልና ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ "አቤት" ስል ድምፄ ሻካራ ይሆንብኛል። የክፍሌ ልጆች ክፉ አይደሉም። ግን ቶሎ ቶሎ ያወራሉ፤ እኔ የምለውን አስቤ እስክጨርስ ጨዋታው ሌላ ጋ ደርሷል።

ስለዚህ በልቤ ወሰንሁ። እናቴ የምትልክልኝ ስንቅ እስኪያልቅ እማራለሁ፤ ሲያልቅ ጠቅልዬ እገባለሁ። ለማንም አልነገርሁም።

ስንቁ በገበያ ቀን በመኪና መጣ። ከታች ድርቆሽ፣ ከላይ በሶና ሽሮ በፌስታል። የጆንያውን አፍ እናቴ እንደ ሁልጊዜዋ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለት በቀደደችው ጨርቅ አስራዋለች። ሁለቴ ጠምጥማ፣ ቋጥራ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ትከተዋለች፤ እንደሷ የሚያስር ሰው አላየሁም። ልፈታው እጄን ሰደድሁና ተውሁት። ቋጠሮው ላይ መጨረሻ ያረፈው የእናቴ እጅ ነው። ከፈታሁት ተራ ጨርቅ ሆኖ የሚቀር መሰለኝ።

ራበኝ ደግሞ። ጆንያዋን አጋደምሁና ከታች ያለውን ስፌት በመርፌ ተረተርሁት። በዚያ ቀዳዳ እጄን አስገብቼ ድርቆሽ አወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች፣ ከታች በላሁ፤ ቋጠሮው ከላይ እንደታሰረ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ አሰለፈች ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ድመት ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ውኃ መምጣቱን ሊነግሩኝ ሲገቡ ጆንያዋን አዩዋት። ከቀዳዳው ድርቆሽ ፈሷል።

"ውይ ልጄ፣ አይጥ ስንቅሽን ጨረሰው እኮ" አሉ።

ምን ልበላቸው? የእናቴን ቋጠሮ ላለመፍታት ነው ብል ጤነኛ የምመስላቸው አልመሰለኝም። የፈሰሰውን ድርቆሽ ለቃቀምሁ። እሳቸው ሄደው ድመቷን አመጡና ፍራሼ ላይ አስቀመጧት። አይጡን እስክትይዝልሽ እዚሁ ትደር አሉኝ።

ድመቷ የሌለ አይጥ ስትጠብቅ ከረመች። ደብሬ ትተኛበት በነበረው በኩል ትጠቀለላለች። በየጠዋቱ እትዬ አሰለፈች በር ላይ ቆመው "ያዘች?" ይላሉ። እኔ "ገና ነው" እላለሁ። "እሷም እንደኔ አርጅታለች" ብለው ይመለሳሉ።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ሙሉነሽ ገጠመኝ ጽፋችሁ አምጡ አሉን። እኔ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ትምህርት ጥቅም ጻፍሁ። "ትምህርት የእድገት መሠረት ነው" ብዬ የጀመርሁት ነው። አንብበው ጠሩኝና፣ እዚህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁሽ፣ የት ነሽ አሉኝ። እኔ ምንም ትልቅ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም አልኋቸው። እውነቴን ነበር፤ ሌሎቹ ስለ መኪና አደጋና ስለ ሌባ ነው የጻፉት።

ትልቅ ነገር መች ጠየቅሁሽ አሉና የራሳቸውን ገጠመኝ ነገሩኝ። እሳቸው እዚህ ከተማ ተመድበው የመጡ ቀን ሆቴል ገብተው ምሳ ሲያዝዙ አስተናጋጇ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ አለቻቸው። አፍረው "አዎ" አሉ። ከዚያ ባዶውን ወንበር እያዩ፣ በር በሩን ሰው እንደሚጠብቅ እየቃኙ በሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም፤ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም አሉኝ። ሲነግሩኝ ያንን ወንበር አየሁት።

"አንቺም ብቻሽን የሆንሽበትን አንድ ጊዜ አስቢ" አሉኝ። "ያኔ እጅሽ ምን ይዞ ነበር? ከዚያ ጀምሪ።"

እጄ ጆንያ ይዞ ነበር።

ጽፌ ስጨርስ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። "ትምህርት" የሚል ቃልም የለበትም። ቲቸር አንብበው ሲያበቁ ዓርብ በረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ራስሽ ታነቢዋለሽ አሉኝ። አነበብሁት። አይጡ ጋ ስደርስ ግቢው ሁሉ ሲስቅ ሰማሁ። ቋጠሮው ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። የእትዬ አሰለፈች ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። ፈረቃችን ከሰዓት ሲሆን የባንዲራ መዝሙሩን ፍራሼ ላይ ሆኜ ነው የምሰማው። እሱን እያወቅሁ፣ የእኔም ድምፅ አጥሩን እንደሚሻገር አላሰብሁም።

ቤት ስገባ እትዬ አሰለፈች በር ላይ ተቀምጠው ድመቷን ታቅፈዋል።

"አይጧ መጣች?" አሉ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ይቺን ምስኪን ምን ስታስጠብቂያት ከረምሽ አሉና ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። እራት አብረን በላን። ጆንያዋን አስመጥተው ቀዳዳውን በጥቁር ክር ሰፉልኝ። ሲሰፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ በጭንቅላታቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ሚስማር ላይ ጋቢ ተሰቅሏል።

"የባለቤቴ ነው። ራሳቸው እንደሰቀሉት ነው" አሉ። "ሰዉ እጠቢው ይለኛል።"

ሁለታችንም ጋቢውን አየነው።

ስንቁ ያለቀው በዚያው ሳምንት ነው። አልሄድሁም። ባዶዋን ጆንያ ከታች ተሰፍታ፣ ከላይ እንደታሰረች በሚመለስ መኪና ላክኋት። እናቴ በአባቴ ስልክ ደወለች፤ ሳይፈታ እንዴት አለቀ ብላ ግራ ገብቷታል። ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማ፣ እማ" አልሁ።

"አለሁ" አለች። "ልጄ፣ እኔ መቋጠር መች አቃተኝ? ፍቺው። ሌላ እቋጥርልሻለሁ።"

አዲሱን ስንቅ ከላይ ፈታሁት። ቅዳሜ አሁንም ረጅም ነው፤ አልዋሽም። ድመቷ ግን አልተመለሰችም፣ እኔ ጋ ናት፤ ማታ ማታ እትዬ አሰለፈች ጋ ሄጄ የጻፍሁትን አነብላቸዋለሁ። እዚህ ጋ አሳጠርሽው፣ ጨምሪበት ይሉኛል።

በመጪው ቅዳሜ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን የምጠይቃቸውን ለእናንተም ልተውላችሁ። ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ማንም ያላያችሁበትን አንድ ጊዜ አስቡ። ያኔ እጃችሁ ምን ይዞ ነበር?