በሰው ቁመት የታሰረው ሽቦ

በየነች ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቡና እርሻ ዐሥራ አንድ ዓመት በመገናኛ ራዲዮ ሠራተኝነት አገልግላለች። የሸኮ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር አትወድም። ስለ እሷ የምጽፈው የበደልኳት እኔ ስለሆንኩ ነው።

በ1990 ክረምት ነፋስ የአንቴናዋን ምሰሶ ጣለው። ጠጋኝ እስኪላክላት ድረስ ሽቦውን በሰው ቁመት ከጥላ ዛፎቹ ግንድ ጋር አሰረችው። ድሮ እየተቆራረጠ ይሰማት የነበረው የእርሻው የሚዛን ቢሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርት ብሎ ይሰማት ጀመር።

ጠጋኙ እኔ ነበርኩ፤ ብርሃነመስቀል እባላለሁ። በቀድሞው ጦር የራዲዮ ጥገና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንቴና ከፍ ካላለ አንቴና አይደለም ብለው ነው ያስተማሩን። ጥቅምት ላይ ሄጄ ሽቦውን ሳይ «ይቺ የልብስ ማስጫ ናት» ብዬ በሠራተኞቹ ፊት ሳቅሁባት።

«ጋሼ፣ ሚዛን የሚሰማኝ ዝቅ ሲል ነው፤ ሞክረው ይዩት» አለችኝ።

ማሰሩን ለእኔ እንድትተው ነገርኳት። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባላል፤ እኔ ጠግቤ ነበር። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች አስተክዬ ሽቦውን ሰቀልኩና አዲስ አበባ ያለውን ዋና ቢሮ ጠራሁ። ወዲያው መለሰልኝ። ሚዛንን ሳልሞክር ለሌላ ጥገና ወደ ማሻ ሄድኩ። አዲስ አበባ የደረሰ ድምፅ ሚዛን ድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቡና መፈልፈያው ማሽን የሠራተኛውን የሸምሱን ክንድ ያዘው። ቢያስሩትም ደሙ አልቆም አለ። የእርሻው መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር ከሚዛን ሌላ መኪና መጠራት ነበረበት። በየነች አንድ ሰዓት ሙሉ ሚዛንን ጠራች፤ ሚዛን አልሰማትም። ራዲዮውን ትታ ከምሰሶው ላይ ሽቦ ልታወርድ አልደፈረችም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሰምቷት ለሚዛን አስተላለፈላት። መኪናው መጥቶ ሸምሱን ጫነው፤ አማን ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

አንቴና ከፍ ሲል ድምፁን ሩቅ ይጥለዋል፤ ዝቅ ሲል ግን ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ከሰማይ ነጥሮ እዚያው አካባቢ ይመለሳል። እኔ ይህን መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ በጆሮዋ ታውቀው ነበር።

ከማሻ ስመለስ ሽቦውን ራሷ አውርዳው አገኘሁ። በእርሻው ግን «መኪናው የዘገየው ራዲዮዋን ትታ ሄዳ ነው» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። በየነች ለቅሶ ልትደርስ ብትሄድም የሸምሱ ሚስት ሐፍሳ ከደጅ መልሳታለች። በእኛ አገር ከለቅሶ ቤት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየነች የእኔን ስም ለማንም አላነሳችም። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

አብራኝ እንድትሄድ ለመንኳት። ለቅሶ ቤት ገብቼ ሽቦውን ማን እንደሰቀለው፣ ሚዛንን ሳልሞክር እንደሄድኩም ሁሉንም ተናገርኩ። ሐፍሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ሳይሰቅሉት በፊት ነግራዎት ነበር?»

«ነግራኛለች።»

ሐፍሳ ከምንጣፉ ተነስታ በየነችን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔን ተቀመጥ ያለኝ ሰው አልነበረም።