የአጎቴ ዘንግ ደወል

አጎቴ በዓመት አንዴ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ደርባን ከተማ የባህር ዳርቻ ዓሣ ሊያጠምዱ ይወርዱ ነበር። በማጥመጃ ዘንጋቸው ጫፍ ትንሽ ደወል ያስሩና ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ። ደወሉ ሲጮህ ባለቤታቸው እትዬ «ተነስ፣ ያዘልህ!» ብለው ይቀሰቅሷቸዋል።

በኮሮናው ዓመት የማጥመጃ ፈቃዳቸውን ባሳደሱ በሳምንቱ የባህሩ ዳርቻ ተዘጋ። ዘንጉን ሜይፌር ሰፈር ባለው ቤታቸው ከበሩ ጀርባ አቁመው «እስክንሄድ ደወሉን እንዳትፈቱት» አሉን። ዳርቻው ሳይከፈት ሆስፒታል ገቡ፤ ማናችንም ሳንሰናበታቸው አረፉ።

ደወሉን የፈታው የለም። ባለፈው እሁድ በሩን ድርግም አድርጌ ስዘጋው ጮኸ። እትዬ ከማድቤት «ተነስ እንጂ፣ ያዘልህ!» ብለው ተጣሩ።

አሁን ያንን በር ሁላችንም በሁለት እጃችን፣ ቀስ አድርገን ነው የምንዘጋው።